ተጀምሮ የማይቀረው በስመ አብ፦ የወይዘሮ የሻሽወርቅ ተክለ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ገድሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቢምረው ሚያዝያ 23 ቀን 1944 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ስለነበር የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ተባለ። አባታቸው የዜማ መምህር ነበሩና፣ «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል» የሚለውን የጎረቤት ምክር ሳይሰሙ ዳዊት እስኪደግሙ ድረስ አስተማሯቸው።

ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ትምህርት ግን ያገኙት ታንኳ ላይ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ወደ ባሕር ዳር ሲሻገሩ ማዕበል ተነሣ። ደንግጠው «በስመ አብ!» አሉና ዝም አሉ። መሪጌታም መቅዘፊያቸውን ሳይለቁ፣ «ጨርሺው እንጂ ልጄ፤ ጠላት የሚሸሸው ከሥላሴ ፊት ነው፣ አንቺ ግን አብ ላይ አቆምሽ» አሏቸው። ጨረሱት፤ በደኅናም ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በስመ አብን ጀምረው አልተዉም፤ ሌላውም ጀምሮ እንዲተው አልፈቀዱም። የሰፈራቸው የሹም አቦ ባጃጅ ሹፌሮች ይህን ያውቃሉ። አህያ ድንገት መንገድ ገብታበት «በስመ አብ» ያለ ሹፌር ከኋላ ወንበር እሳቸው «ወወልድ የታለ?» ሲሉት ይሰማ ነበር። ሳይጨርስ ሒሳቡን አይከፍሉትም ነበር።

በ1962 ዓ.ም. በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈትል ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1999 ዓ.ም. በትጋት አገልግለዋል። በ1966 ዓ.ም. የፋብሪካው መካኒክ ከነበሩት ከአቶ አገኘሁ ሕዝቅኤል ጋር ጋብቻ መሥርተው ቃለ ሕይወትን፣ ማኅሌትንና ዜማን ወልደዋል።

በ1976 ዓ.ም. ሕፃኗ ማኅሌት በጠና ታመመች። ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ጡትም እምቢ አለች። በዚያው ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከአንበሳሜ የመጡ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅቱን የበላቻት እሷ ናት፤ ትትፋባትና ከሰፈር ትውጣ» ብሎ ግቢውን ሞላው። ስማቸው እንኳ ማስረጃ ሆኖ፣ «ይታይሽ ተብላ እንዴት አታይ?» የሚል አልጠፋም። አቶ አገኘሁም ጭምር አንገታቸውን ደፍተው ከሰዉ ጋር ቆሙ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግን ሕፃኗን ታቅፈው ወጡ። «ልጄን ለሥላሴ ሰጥቻለሁ፤ ከሥላሴ እጅ ነጥቆ የሚበላ ዓይን እስከ ዛሬ አላየሁም» አሉ። ወደ ወይዘሮ ይታይሽም ዞረው፣ «ነይ፣ እዘያት። ሐኪም ቤት እንሂድ» አሏቸው። ሰዉ በአንድ አፍ «በስመ አብ!» አለ። «ጨርሱታ» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። እያጉተመተመም ቢሆን ጨረሰው፤ መንገዱንም ለቀቀላቸው።

ሕመሙ ወባ ነበር። ሕፃኗ መድኃኒት ወስዳ ዳነች። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የላከ እግዚአብሔር ነው ብለው ስለት አስገቡ። አንዲት ጎረቤት ግን «ወባዋንም የላከቻት እሷው ትሆናለች» ማለቷ አልቀረም። እናታችን አልፈሩም ማለት አይደለም። በኋላ እንደነገሩን፣ ያን ዕለት ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱ ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም ነበር። ነገር ግን ፍርሃታቸውን በማንም አላላከኩም። ወይዘሮ ይታይሽ ከሰፈሩ አልወጡም፤ ዜማ ስትወለድም የክርስትና እናቷ ሆኑ።

አቶ አገኘሁ በ2008 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በጾምና በጸሎት ኖሩ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። የሦስት ልጆች እናትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

ያን ዕለት ጠዋት ቀኝ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተው «በስመ አብ ወወልድ» አሉ። ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልበቃቸውም፤ እጃቸውም ደረታቸው ላይ ቀረ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሳይጨርሱት የቀሩት ይህ ብቻ ነው። አጠገባቸው የነበሩት ወይዘሮ ይታይሽ ያን እጅ አንሥተው፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አሻግረው ጨረሱላቸው።

ይህን የጻፈችው በወይዘሮ ይታይሽ ጀርባ ታዝላ ሐኪም ቤት የደረሰችው ልጃቸው ማኅሌት ናት። እናቷን ስለ ቀበራችሁላት እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ነፍሳቸውን ማዕበል በማይነሣበት ወደብ ያሳርፍልን። እናታችን ግማሽ ጸሎት አይወዱም ነበርና፣ እንዳዘዙን ሁላችንም አማትበን እንሸኛቸው፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።