ደሃናን ከደህና ላልለዩት አስተባባሪያችን

ለክቡር አቶ ወልደ ገብርኤል
የኮሌጃችን የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ
ሰቆጣ

ጤናዎ እንደ ዋግ ድንጋይ የጠና፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ የስልክዎም ካርድ የማያልቅ ይሁንልዎ እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ትምህርቴን ከመንገድ ላይ ጥዬ እንጨት ሥራ ልማር ኮሌጅ የገባሁት፣ እርስዎም በሰልፍ ላይ «ያ ቀልደኛ» እያሉ የሚጠሩኝ ደግሰው ነኝ። ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፍልዎ፤ መሐል ላይ ቀልድ ካመለጠኝ ልማድ ነውና ይለፉኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ከደሴው ሥልጠና ኮፍያና ቦርሳ ተሸልመው ሲመለሱ ኮቺንግ የሚባል ነገር ይዘውልን መጡ። አዳራሽ ሰብስበውን፣ ከእንግዲህ በየድርጅቱ ለልምምድ ስንወጣ ኮሌጁ እንደ ዘበኛ እንደማይቆጣጠረን፣ ይልቁንም እርስዎ እየጠየቁን፣ ዝም ብለው እያዳመጡን፣ እኛም መላውን ራሳችን እያገኘን እንደምንሄድ አስረዱን። ጥያቄዎቹንም በሰሌዳ ላይ ጻፉልን፦ ምን ሠራችሁ? ምን ከበዳችሁ? ቀጥሎ ምን ትሞክራላችሁ? በሰው ሁሉ የምስቀው እኔ እንኳ ያን ቀን ከልቤ አጨበጨብኩ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ነገሩ ጥሩ ነበር። እንግዲህ ቅሬታዬን በሥርዓቱ ላቅርብ።

1ኛ. ኮቺንጉን በስልክ ስላደረጉት ከአቧራና ከዳገት ድነዋልና እንኳን ደስ አለዎ። ነገር ግን በእኛ አገር ሰው «ደህና ነህ?» ሲባል፣ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጉዳዩ የሚወጣው ቆየት ብሎ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም ከተወራ በኋላ ነው። እርስዎ «ይመስገን» የሚለውን ሲሰሙ ስልኩን ይዘጋሉ። ሰላምታን ከውይይት የቆጠረ ሰው፣ አሻሮ ቀምሶ ጠላ ጠጣሁ እንዳለ ነው።

2ኛ. ያዳምጡ እንደሆነ ለማየት ባለፈው ሲደውሉልኝ፣ ትናንት መሞቴንና ቀብሬም ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑን በትሕትና ገልጬልዎ ነበር። «ጎሽ፣ በዚሁ ቀጥል» አሉኝ። ስላበረታቱኝ አመሰግናለሁ። ለልምምድ በተመደብኩበት እንጨት ቤት ያለነው ሁሉ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የአልጣሽን ነገር ስንሰማ ግን ሳቁን ተውነው።

3ኛ. አልጣሽ ይሄይስ ከደሃና ወረዳ የመጣች የብየዳ ሠልጣኝ ናት፤ የመደቧትም እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ የሻምበል ብየዳ ቤት። እዚያ ያለው የዓይን መከላከያ ማስክ አንድ ሲሆን እሱንም ጋሽ የሻምበል ያጠልቁታል። እሷ ብረቱን ትይዛለች። ፊቷን ካዞረች ብረቱ ይዛነፋል፣ ከተዛነፈ ትሰደባለች፤ እንዳትሰደብ እሳቱን በባዶ ዓይኗ ታየው ነበር። ውሎ ሲያድር ዓይኗ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ቆረቆራት፣ አበጠ፣ አልገለጥ አለ። ጤና ጣቢያ ጠብታ ሰጥተው እንድታርፍ ነገሯት። ወንድሟ መጥቶ በሚኒባስ እስከ ደሃናዋ ከተማ እስከ አምደወርቅ፣ ከዚያ በእግር እጇን ይዞ እየመራ ወደ ቤታቸው ወሰዳት።

የደወሉላት እዚያ ሳለች ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ደህና ነሽ?» አሏት። «ደሃና ነኝ» አለችዎ። «ተመስገን፣ በርቺ» ብለው ዘጉ። ልጅቱ ያለችበትን አገር ነገረችዎ፣ እርስዎ ጤናዋን ሰሙ። እሷም ቤቷ መሆኗን ተናግራ «በርቺ» ስለተባለች ፈቃድ ያገኘች መሰላት፤ ማን ይፈርድባታል? አዲስ መጥቶ አገሩን የማያውቅ ሰው ቢሆን ይቅር እል ነበር። እርስዎ ግን ሚስት ያገቡት ከደሃና ነው። አማቾችዎን ሳይጠይቁ ዘመን የሚያልፈው፣ «ደሃና ናቸው» ሲባሉ ደህና ናቸው ብለው ይሆን?

4ኛ. ከዚያ «ልምምዷን ያለ ፈቃድ ያቋረጠች» ተብላ ስሟ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ምዘና አትቀመጥም፣ ከሥልጠናውም ተሰርዛለች። ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም። ቀልዱን ልተወውና፣ ጌታዬ፣ ያቺ ልጅ ዓይኗ ሊጠፋ ነበር። እናንተ የቀጣችሁት ማስክ የከለከላትን ሳይሆን የታመመችውን ነው።

ቀጥሎ ያለው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። የሠራነውን በር አምደወርቅ ልናደርስ ሄደን ሳለ የእንጨት ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ አልጣሽ ዘንድ ዘለቅሁ፤ የእርስዎን ጥያቄዎችም አንድ ቃል ሳልቀንስ ጠየቅኋት። በመጀመሪያ እያሾፍኩ መስሏት «ሂድ ወዲያ» አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ያውቃሉ። ቆይታ ስለ ብረቱ፣ ስለ ስድቡ አወራችልኝ። ምን ከበደሽ ስላት እንዲህ አለች፦ «ብረቱስ አልከበደኝም። ዓይኔን አመመኝ የምለው ሰው ነው ያጣሁት።» ቀጥሎ ምን ትሞክሪያለሽ ስላትም ተቆጣችኝ፦ «ብየዳ ነዋ! ማስክ ይስጡኝ እንጂ እኔ መች ተውኩ?»

እንደሚያዩት ኮቺንግዎ ይሠራል። የሠራው ግን እርስዎ በሌሉበት ነው።

ስለዚህ ስሟ ወደ ሠልጣኞቹ እንዲመለስ፣ ዓይኗ ሲድን ለእሷም ማስክ ያለው ቦታ እንዲመደብላት፣ እርስዎም በእግርዎ ብየዳ ቤት ድረስ ሄደው እንዲጠይቁና መልሱ እስኪመጣ እንዲቆዩ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። መልስ የሚባለው ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ነገር ነው።

ያልተሠራበት ዕቃ ዓይን ይበላዋልና፣ ጆሮዎን ከክፉ ዓይን እንዲሰውርልዎ ሳላቋርጥ የምጸልይ
ታዛዥዎ
ደግሰው ቢያዝን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት አልጣሽ ተሰርዛለች በሚለው ማስታወቂያ ላይ ነው። ያጣበቅኩበት የእንጨት ቤቱ ኮላ ስለሆነ ቢፍቁትም አይለቅም፤ የልምምድ ውጤቴን ሲሞሉ ይህንንም ይቁጠሩልኝ። ከሥር የተጻፈውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ልጅቱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።