በብሩሽ ብቻ የተወለወለ ጥቁር

ኅዳር 9

ሁንዴ ወንድሜ፣ ዛሬም ከትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የቮልሷን ጀርባ ነው። የኋላ ኮፈኗ እንደተከፈተ። ሞተሯም አንተ አውርደህ ባስቀመጥክበት አሮጌ ጎማ ላይ። ዩኒፎርሜን ሳልቀይር አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የሒሳብ የቤት ሥራ ነበረኝ... አልሠራሁም።

የሞተሩን ክፍል ግድግዳ እንደ መኪናዋ ሰማያዊ አድርገህ ጨርሰሃል። ጭስ ማውጫውን ጭራሽ የማያብረቀርቅ፣ ሙቀት የሚችል ጥቁር። የቀረው የማራገቢያው ሽፋን ነው፤ ትልቁ፣ ኮፈኑ ሲከፈት ዓይን ውስጥ የሚገባው። እሱም ጥቁር። ግን የትኛው ጥቁር? "ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም ጉቱ፣ ፋብሪካው እያንዳንዱን ዕቃ ለይቶ ነው የቀባው" ትለኝ ነበር። እሺ፣ የዚህን ሳትነግረኝ ለምን ወለንጪቲ ሄደህ ቀረህ? ለአንድ መለዋወጫ ብለህ... ያውም በሰው ሞተር ሳይክል።

ኅዳር 13

የቮልሷ ባለቤት አቶ ገብረወልድ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ አዩዋት።

"ነፍሱን ይማረው፣ ልጄ። እንግዲህ መኪናዬን ልውሰዳት።"

"ትንሽ ነው የቀረው አባባ። እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"አንተ? አንተማ ተማር! ሌላ ጋራዥ አነጋግሬያለሁ። ሞተሩን በሙሉ ሲልቨር ረጭተው ያስረክቡኛል።"

ሲልቨር! ሰማያዊውንም፣ ጭስ ማውጫውንም... የሠራኸው ሁሉ ከስር ሊቀበር። እጃቸውን ይዤ ለመንኩ። እስከ ገና ታገሱኝ። እሺ አሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ይወስዷታል።

እማ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "ይውሰዷት" አለች። "እሷን እያየሁ እስከ መቼ?"

ኅዳር 21

ሥራ ያስተማሩህ ጋሽ አብዱናሲር መጥተው አዩልኝ።

"የሚያብረቀርቀውን ቀባው፣ ወላሂ! ደንበኛ ፊቱን ካላየበት አልተቀባም ነው የሚለው። እዚህ አገር ሞተር የሚያስረክብ ሁሉ በናፍጣ ወልውሎ አብለጭልጮ ነው።"

"ሁንዴ ግን ናፍጣ አያስነካም ነበር።"

"ሁንዴማ እብድ ነበር" ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አነሳሁት። ሽፋኑ ላይ በብረት ቀበቶ የታሰረውን ቦቢና ብቻ ተውኩት፤ ለካንዴላው እሳት የሚልከውን። "እሱን እንዳትፈታ!" ብለህ በመፍቻ እጄን መትተኸኛል። ኤሌክትሪክ እንዳይዘኝ ፈርተህ መስሎኝ። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን በጥብጬ ቀለም መርጫው ውስጥ ጨመርኩ።

ኮምፕረሰሩን አስነሳሁ። እማ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

"ሁንዴ?"

እኔን አየች። ተመልሳ ገባች።

ኅዳር 22

ደረቀ። አስጠላኝ። ሊስትሮ ሁለቴ የደገመው ጫማ ይመስላል። ካንተ ሥራ አጠገብ ይጮኻል። እስከ ብረቱ ፋቅሁት። ከፋቅሁ በኋላ ነው የገባኝ... የድሮው ቀለም የደበዘዘም ቢሆን ምልክት ነበር። ትናንት በገዛ እጄ አጠፋሁት። አሁን ከምን ጋር ላስተያየው?

ኅዳር 28

የፊዚክስ ፈተና። ስሜን ጽፌ ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 2

ዛሬ ደግሞ ማቱን፣ የማያብረቀርቀውን፣ ብቻ ሞከርኩ። ያረረ ድስት መሰለ። ስልክ ላይ የሌሎች ቮልሶችን ፎቶ አየሁ። አንዱ ያበራል፣ አንዱ ደብዛዛ ነው። ቀለሙ ነው ወይስ የፎቶው ብርሃን? ማን ያውቃል? አንተ ታውቅ ነበር። ሁንዴ፣ አንድ ቃል... አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ።

ታኅሣሥ 5

ተናድጄ ቦቢናውን ፈታሁት። ይያዘኝ ብዬ። የት ይይዘኛል፣ ባትሪ የለው ምን የለው።

ከቀበቶው ስር ጣት የምታህል ጥቁር መስመር። የፋብሪካው ቀለም! ፀሐይም ዘይትም ያላገኘው። ለካ ለዚህ ነው እንዳትፈታ ያልከኝ። ለመጨረሻ ማስተያያ አስቀምጠሃት ኖሯል። መሬት ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ።

የሚያብረቀርቀውን ከማቱ ጋር እየቀላቀልኩ የወተት ጣሳ ክዳኖች ላይ ረጨሁ። ሲደርቁ ከመስመሯ ጎን አስጠጋኋቸው። መጀመሪያ አንዱም አልመሰለም። በኋላ ሁሉም መሰሉ። ዓይኔ ከዳኝ።

"ምንድን ነው እንደዚህ የምታፈጥበት?" እማ። ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

አሳየኋት። ጎንበስ አለች። ካንተ ወዲህ እዚህ ሞተር አጠገብ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄማ በብሩሽ ብቻ የተወለወለ ጫማ ነው። ጨርቅ ያልነካው። ወንድምህ ሲቸኩል አድርጎት እንደሚወጣው።"

ክዳኖቹን ወደ ጥላ ወሰደች፣ ወደ ፀሐይ መለሰች። አንዱን አነሳች።

"ይሄኛው።"

ታኅሣሥ 6

ቀባሁ። ኮምፕረሰሩ ሲጮህ እማ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና።

ታኅሣሥ 13

ትናንት ጋሽ አብዱናሲር ሞተሩን ገጠሙልኝ። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ዛሬ አቶ ገብረወልድ ሳይደርሱ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ጋሽ አብዱናሲር ናፍጣ የነከረ ጨርቅ ይዘው ወደ ሽፋኑ ሲሄዱ እማ ቀማቻቸው።

"ተው እንጂ አብዱ! ልጄ አይወድም!"

"አፉ በይኝ ዘርፉ፣ አፉ በይኝ።"

አይወድም አለች። አይወድም ነበር አላለችም።

አቶ ገብረወልድ ኮፈኑ ስር ጎንበስ ብለው ቆዩ። ቀና አሉ። "አዲስ ሆና ስረከባት እንደዚህ ነበረች። አታብለጨልጭም ነበር... ረስቼው።"

ከዚያ ይዘዋት ሄዱ። ድምጿ እስከ አስፋልቱ ተሰማኝ። ባልጨርሳት ኖሮ ከግቢ አትወጣም ነበር? አይ፣ ትወጣ ነበር። በሲልቨር ተቀብታ።

ታኅሣሥ 14

ያላንተ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ዛሬ ነው። እስከ ትናንት ቮልሷ ስለነበረች አንተም ያለህ ይመስለኝ ነበር። ግቢው ሰፋብኝ። ጎማው ባዶ ነው። መሬቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት አለ፣ አፈር አላለበስኩትም።

ኮምፕረሰሩን አስነሳሁ። የምቀባው ኖሮኝ አይደለም። እማ እንደዚያን ቀን ሮጣ ብትወጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስምህን ብትጠራው ብዬ ነው። በሩን እያየሁ ቆምኩ።

አልተከፈተም።

"ጉቱ!" አለች ከውስጥ። "ትምህርት ቤት አይረፍድብህም እንዴ?"

አጠፋሁት። ፊቴን ታጠብኩ። ጫማዬን በብሩሽ ብቻ ወለወልኩና ወጣሁ።