የቀጣሪዬን ዘር ቆጥሮ ለመጣው እድራችን

ለተከበሩ አቶ ዕንባቆም፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣
እንዲሁም ለሥራ አመራር ኮሚቴው አባላት በሙሉ፤
ሆሳዕና

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከአዲስ አበባው መንገድ ወዲህ የጉልበትዎ ሕመም እንደባሰብዎ ከእናቴ ሰምቼ፣ በእኔ ምክንያት ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መውጣትዎን እያሰብኩ ከልብ አዝኛለሁ፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነሥቼ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት እሄዳለሁ፤ ከዚህ ሌላ የሚሰማኝ ነገር ስለሌለ ስለ ጤናዬ የምጨምረው የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ማድረስ ሲገባኝ በፌስቡክ ገጼ ላይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። የእድሩ አባል እናቴ እንጂ እኔ ስላልሆንኩ በወሩ ስብሰባ ላይ ቆሜ እንድናገር ወጉ አይፈቅድልኝም። የእኔ ጉዳይ ግን በዚያው ስብሰባ ላይ፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ በተቀመጠበት፣ በሪፖርት ቀርቦ በጭብጨባ ጸድቋል። ያንን ሰው ሁሉ ከሰማው ይህንንም ሰው ሁሉ ቢያነበው ነውር የለውም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ሰዎች በአጭሩ ላስረዳ። ጵርስቅላ እባላለሁ፣ የወ/ሮ አባይነሽ ልጅ ነኝ። ቁመቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰፈሩ መሳቂያ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ እርስዎም ስምንተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ ባሕር ዛፍ እያሉ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡኝ እንደነበር አይዘነጉትም። ይህንኑ ቁመት ይዤ፣ የጓደኛዬን ልብስ እየተዋስኩ፣ ጓሯችን ባለው እንሰት ሥርና ወደ ሌሞ በሚወስደው መንገድ ዳር በስልክ ፎቶ እየተነሣሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ላይ ስለጥፍ ከረምኩ። መብራት ሲጠፋም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም፣ ባለጋሪዎቹ ፈረሳቸውን አቁመው ሲስቁብኝም አልተውኩም። የሞዴሎችን አረማመድ ከዩቲዩብ እያየሁ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተማርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የሞዴሎች ድርጅት ኃላፊ የሆኑት ወ/ሮ ኢልሃም ጻፉልኝ፤ በቪዲዮ ስሄድ ስመለስ ካዩኝ በኋላም ከፋሲካ ቀጥሎ በሚጀምረው ሥልጠና ቦታ እንደያዙልኝ፣ ስጨርስም ልብስ ዲዛይነሮች ፊት እንደሚያቀርቡኝ ነገሩኝ። ቁመቴን የሚፈልግ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ይህን እንደሰማች በቀጥታ እርስዎ ቤት መጣች። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትጠየቅ፣ ሽማግሌ ሄዶ የጠያቂውን ቤት ሳያይ እሺም እምቢም አይባልም። እድራችንም ለጋብቻ የሚሠራበትን ይህንኑ ሥርዓት ለሞዴል ድርጅት አውሎ፣ አማቾቼን የሚያይ ይመስል አምስት ሽማግሌዎች መርጦ ላከ። እናቴ ስለጠራቻችሁ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት በእናንተ ላይ አልተርትም። ምስጋናዬን ግን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. እኛ ቤት ለክቡር እንግዳ የሚሠራውን አታካና በልታችሁ፣ ቅቤው ከጢማችሁ ሳይደርቅ፣ በመጀመሪያው አውቶብስ ስለሄዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔም አብሬ ልሂድ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የሚታጭ ሰው ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ በትዕግሥት ስላስረዳችሁኝም እንዲሁ።

፪ኛ. ወ/ሮ ኢልሃምን ገና ከመቀመጣችሁ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ጎሳቸው ምን እንደሆነ፣ እስከ ሰባት ትውልድ እንዲቆጥሩላችሁ ጠይቃችኋል። እሳቸው አያታቸው ድረስ ቆጥረው እንደቆሙ በሪፖርታችሁ ላይ በሐዘን የተገለጸ ሲሆን፣ የራሷን ዘር የማታውቅ ሴት የእኛን ልጅ እንዴት አድርጋ ታውቃለች የሚለው ማጠቃለያችሁም ብዙ ራስ አስነቅንቋል። ሃይማኖታቸውን አለመጠየቃችሁን ግን በአድናቆት ተመልክቼዋለሁ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ናስረዲን ስለነበሩ ይሉኝታ ይዟችሁ ይሆናል።

፫ኛ. የቀረበላችሁ የታሸገ ውሃ ብቻ መሆኑን ሪፖርታችሁ በዝርዝር ገልጿል። ከቀትር እስከ አመሻሽ ተቀምጣችሁ ኑ ብሉ የሚላችሁ ጠፍቶ በባዶ ሆዳችሁ መውጣታችሁ፣ ከሪፖርቱ ሁሉ ረጅሙን ሰዓት የወሰደው ክፍል ነበር። እንግዳውን በውሃ የሚሸኝ ቤት ልጃችንን አያኖርም ተብሎ የተወሰነውም እዚህ ላይ ነው። የተከበራችሁ አባቶች፣ እዚያ ቤት ምሳ የሚበላ ሰው እንደማይበዛ ብትጠይቁኝ ከሆሳዕና ሳትነሡ እነግራችሁ ነበር።

፬ኛ. ወ/ሮ ኢልሃም እውነት ከፈለጉኝ የራሳቸውን ሽማግሌዎች ይዘው ሆሳዕና ድረስ እንዲመጡ፣ ዋስ እንዲጠሩ፣ ኮሚቴው ያላየውን ልብስ እንዳያለብሱኝም አስጠንቅቃችኋል። እሳቸው እናስብበታለን ብለዋል፤ እናንተም ደስ ብሏችሁ ተመልሳችኋል።

የታሰበው በማግስቱ ደረሰኝ። የሚፈልጉት ሁሉ እኔ ዘንድ እንዳለ፣ ነገር ግን ከአንዲት ልጅ ጋር አምስት አባት ተቀብለው መሥራት እንደማይችሉ፣ ቦታውንም ለሌላ ልጅ እንደሰጡት በጨዋ ቃል ጽፈውልኛል። ሳነበው የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እያባዛሁ ነበር። ጨርሼ ጠረዝኩለትና ሰጠሁት፤ አመስግኖኝ ሄደ። አላለቀስኩም። ለቅሶው ማታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም፤ በነጋታውም አልመጣም። ስለተቀየምኩ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ መቀየም እኮ ራሱ አንድ ነገር መሰማት ነው።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና ውስጥ አልገባ ስላለኝ ነው። ወንድሜ አጵሎስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ፣ የወሰደው ደላላ በሞያሌ በኩል እንደሚያሻግረው ከመናገር በቀር ሙሉ ስሙን እንኳ አልነገረንም። ያን ጊዜ እድራችን ሽማግሌ አልመረጠም፤ ደላላው የማን ልጅ እንደሆነም፣ ስንት ትውልድ እንደሚቆጥርም አልተጠየቀም። እርስዎ ራስዎ ቤታችን መጥተው መርቀው ሸኝተውታል፤ ወንድ ልጅ ወጥቶ ይሞክር ብለዋል። ታንዛኒያ እስር ቤት ታይቷል ከተባለ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል፤ እናቴ አሁንም ስልኳን ከጆሮዋ አትለይም። ስለዚህ ወደ እርስዎ መሮጧን አልፈርድባትም፤ አንድ ልጅ የጠፋባት ሴት ሁለተኛው ሲነሣ ብትጮኽ ተገቢ ነው። የእኔ ነገር በተነሣበት ስብሰባ ላይ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ሲተርቱ ሰው ሁሉ እንደሳቀ ሰምቻለሁ፤ ያችን ተረት አጵሎስን ሲሸኙ የት አስቀምጠዋት እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ አታላይ መብዛቱን አላጣሁትም። ድርጅቱ ያሠለጠናቸውን ሁለት ልጆች ፈልጌ፣ አንዷ እንዲያውም የዱራሜ ልጅ ሆና አግኝቻት፣ የት እንዳደሩ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ምን እንዳስፈረሟቸው አንድ በአንድ ጠይቄ ጨርሼ ነበር። አዲስ አበባ የማርፍበትንም አክስቴን አነጋግሬ ነበር። ይህን ሁሉ ለማወቅ አውቶብስ መሳፈር አያስፈልግም ነበር፤ ከእርስዎ ቤት እኛ ቤት ድረስ መጥቶ እኔን መጠየቅ ይበቃ ነበር። ከአምስታችሁ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።

ካሳ አልጠይቅም፣ እርቅም አያስፈልግም፤ ለእርቅ የሚያበቃ ጠብ የለንም። በእኔ ቦታ የገባችው የአዳማ ልጅ ናት፤ ፎቶዎቿን አይቻለሁ፣ ጥሩ ትሄዳለች። የእኔን ፎቶዎች እናቴ ደስ እንዲላት ከገጼ ላይ አንሥቻለሁ። ደስ አላላትም።

ለአባትነት ጭንቀታችሁ፣ ለደከመው ጉልበታችሁ፣ ለተራበው ሆዳችሁና ዘራቸውን ከማያውቁ ሰዎች ላዳነኝ አርቆ አሳቢነታችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ ይህን የማይረባ ቁመቴን በተቻለኝ መጠን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥ ልጃችሁ
ጵርስቅላ

ተጨማሪ፦ ወ/ሮ ኢልሃም ትናንት እንደገና ጽፈውልኛል። ስለ እኔ አይደለም። ያን ዕለት ከቢሯቸው ስትወጡ፣ እርስዎ ፈቅደውላቸው ለማስታወሻ አንድ ፎቶ አንሥተዎት ኖሯል። የአገር ልብስ የሚሠራ አንድ ደንበኛቸው ሽበትዎንና የጋቢዎን አጣፋ አይቶ ከእሳቸው ሌላ አልፈልግም ስላለ፣ ለማስታወቂያ እንዲሠሩላቸው ሊያነጋግሩዎት ፈልገው ስልክዎን ጠየቁኝ። ሽማግሌ ሳልልክ፣ የሰውየውን ዘር ሳላስቆጥር፣ ምሳ ያብላ አያብላ ሳላጣራ ቁጥርዎን ሰጥቻቸዋለሁ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ራስዎ ይወስናሉ ብዬ ነው።