ሄዶ የመጣን ማን ሁለት ብሎ ይቆጥራል

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ፌሊሲቴ፣ ጋኞዋ፣ ኮትዲቯር

እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የካካዎ ጆንያ ሳነሳ ያዘኝ ያልሽው ለቀቀሽ ወይስ ለምደሽው ዝም አልሽ? ጋሼ ቤርናርን ያ ሳል ተዋቸው ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ዝናቡ በእናንተ በኩል ገባ? እኛ ጋ ገና ነው፤ ቦቦ በሙቀት ተቃጥላለች፣ ማንጎው ግን ደርሷል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጥርሷ ካለቀ ወዲህ ምላሷ ብሷል።

ባለፈው በስልክ «ፕሮፌሰርነቱ ከምን ደረሰ? በግ እናዘጋጅ ወይ?» ብለሽኝ፣ መስመሩ ጥሩ አይደለም ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ካካዎ ብቻ ጠይቄሽ ዘጋሁ። በአፌ የማልችለውን በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የሶምዳ ልጅ ነው፤ አንብቢልኝ ብሎ እንዳይጠይቅሽ አሽጌዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራችን ልንገርሽ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባሽም። በእኛ ዘንድ የሰው ክብደት የሚለካው በጻፈው ብዛት ብቻ አይደለም። ሌሎች ሲጽፉ፣ ለምሳሌ እኔን፣ «ዳቢሬ እንዳለው» ብለው ስንት ጊዜ ጠሩ ነው ጥያቄው። በአገራችን ለቅሶ ላይ አንዱ ባላፎን መቺ ያወጣውን ዜማ የሌላ መንደር መቺዎች ሲቀባበሉት አይደል ስሙ የሚወጣው? ያው ነው። ይህን የሚቆጥር መዝገብ በኮምፒውተር አለ፣ ማንም ከፍቶ ያየዋል። እኔ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሰላም ሳልል፣ እሱን ነበር የማየው። ጽሑፎቼ ሠላሳ አራት ናቸው። ስምንት መቶ ሰባ አንድ ጊዜ ተጠቅሰዋል። ከዚህ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ የአንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱ የቀረውን ተካፍለው ይኖራሉ፤ ከነሱም ውስጥ ከእኔ በቀር የጠቀሳቸው ሰው የሌለ አሉ።

ያችን አንዷን ጽሑፍ አንቺም ታውቂያታለሽ፣ ውስጧ አለሽ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደብተር የያዙ ሴቶች በአሥራ አራት መንደር እየዞሩ «ስንት ወለድሽ? ስንት ሞተብሽ?» ሲሉ፣ አንቺም ገና ወደ ካካዎው አገር ሳትሄጂ፣ ጥላ ሥር ለውዝ እየፈለፈልሽ መለስሽላቸው። የእኔ ጥያቄ ነበር። የወባ መከላከያ አጎበር ከመታደሉ በፊት የሞቱትን ሕፃናት ያገኘነው ከቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ነው፤ ከታደለ በኋላ የሞቱትን ደግሞ ከእናቶች አፍ። ሁለቱን አስተያየንና የሕፃናት ሞት በግማሽ ቀነሰ ብለን ጻፍን። ደስ የሚል ወሬ እግር አለው፣ ጽሑፉ አገር ላገር ዞረ። የሹመት ፋይሌ ሲዘጋጅ ከላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

ኅዳር ላይ ሱላማ ኮሮቲሚ ቢሮዬ መጣች። የጥናታችንን ቁጥር የምትሠራልን የጉዊን ነገድ ልጅ ናት፤ ጉዊንና እኛ ዳጋራዎች ደግሞ የቀልድ ዘመድ ነንና ሳንሰዳደብ እንደማንውል ታውቂያለሽ። የድሮውን ዝርዝር ለሌላ ሥራ ስታገላብጥ ቆይታ «ዶክተር፣ እናንተ ዳጋራዎች ስም አልቆባችሁ ነው? በአሥራ አራት መንደር ሰባ አንድ ዴር! አንዱን ስትጠሩ ሁሉም ነው የሚመጣው?» አለችኝ። እኔም «ጉዊን ምን ያውቃል! ዴር ማለት ሄዶ የመጣ ልጅ ነው። ይሞታል፣ የእናቱ ለቅሶ ያሳዝነውና ተመልሶ ይወለዳል፣ እኛም እንዳንስተው ጉንጩ ላይ ምልክት እናደርግለታለን» ብዬ የራሴን ጉንጭ አሳየኋት። ሳቀች። ጉንጬን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ሳቋን ተወችና «እሺ፣ የሄደውስ የት ተጽፏል?» አለች።

የትም አልተጻፈም ነበር። «ስንት ሞተብሽ?» ስትባል የዴር እናት «አልሞተብኝም» ነው የምትለው፤ ልጇ እፊቷ ይሯሯጣላ። ውሸት አይደለም፣ እሷ የምታውቀው እውነት እሱ ነው። ከፈረንጅ አገር የመጣ ሰው ቢስተው አይፈረድበትም። እኔ ግን ዴር ተብዬ ተጠርቼ፣ ምልክቱን ፊቴ ላይ ይዤ፣ ያንን ዝርዝር አሥር ጊዜ አነበብኩትና አላየሁትም። አፈርኩ እትዬ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጀግና እንዳልመስልሽ የሚቀጥለውንም ልንገርሽ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። አለቃችን ሲሰማ «ፋይልህ ይሂድ፣ እርማቱ ከሰኔ በኋላ ይደርሳል፤ አሥር ዓመት የቆየ ነገር ስድስት ወር ቢጨምር ማን ይሞታል?» አለኝ። እኔም ልክ ነው አልኩ። በነዚያ ሳምንታት ከሞዛምቢክ አንድ የማላውቀው ሰው ጽሑፉን ጠቀሰው፣ አራት መቶ አሥራ ሦስት ሆነ። ሰኞ ጠዋት አይቼው እንደ ልማዴ ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ራሴን የጠላሁት።

«ማን ይሞታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። መንደራችን አጠገብ ይሠራል የተባለው ጤና ኬላ የት እንደደረሰ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ። ገንዘቡን የያዘው ድርጅት «እዚያ ሞት ቀንሷል» ብሎ ወደ ሌላ አውራጃ ወሰደው፤ ውሳኔውን አስፈልጌ አነበብኩት፣ ግርጌው ላይ «ዳቢሬና ባልደረቦቹ» ይላል። ከምቆጥራቸው ጥቅሶች አንዷ ያቺ ናት። ሴቶቻችን ዛሬም ትኩሳት የያዘው ልጅ አዝለው ዳኖ ሆስፒታል ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የዚየም ሚስት ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ ብሏት ልጇ ጀርባዋ ላይ አረፈ።

የሹመት ፋይሌን አስመለስኩ። ለመጽሔቱም ጽሑፉ ስህተት አለበት፣ አዲሱን ቁጥር እልካለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከኮሮቲሚ ጋር ጥር ላይ ወርደን የሰባ አንዱን ዴር እናቶች እየዞርን ጠየቅን። እማዬ ከሰባ አንዱ ውስጥ ባትሆንም አጠያየቁን በሷ ሞከርነው፤ እኔ ልጠይቃት አይገባምና ጠያቂዋ ኮሮቲሚ ነበረች፣ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እማዬ «ይቺን ጉዊን ማን አስገባት? በይ መጥረጊያው እዚያ ነው፤ ግቢውን ጥረጊና ትጠይቂኛለሽ» አለቻት። ኮሮቲሚም ተነስታ ግማሹን ጠረገችና «ግማሹ የዳጋራ ድርሻ ነው» ብላ ቁጭ አለች። እማዬ በሳቅ ፈረሰች።

ከዚያ «ስንት ወለዱ እናቴ?» ስትላት «ሰባት» አለች። «ከዴር በፊት የሄደው ከሰባቱ ውስጥ አለ ወይ?» ስትላት እማዬ አዘነችላት፣ እንደማያውቅ ልጅ። «ልጄ፣ ገበያ ደርሶ የመጣ ሰው ሁለት ሳህን ይቀርብለታል?» አለቻት። ኮሮቲሚ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እማዬ ወደ እኔ ዞረችና «ለሥራህ የሚጠቅምህ ከሆነ ጻፈው። እኔ የቀበርኩትን ረስቼው አይደለም» አለች። ይኸው፣ እማዬን የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ሰባት ልጆች የአያት ስም ይዘው ዴር የተባሉ ሆነው ተገኙ። ስልሳ ሦስት እናቶች «አዎ፣ ከሱ በፊት የሄደ አለ» አሉ። በግማሽ ነው ያልነው ቅናሽ ሲታረም ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። የድሮው ጽሑፍ ከመዝገቡ ሲሰረዝ ቁጥሬ ወደ አራት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ይወርዳል፤ ፕሮፌሰርነቱም ለዚህ ዓመት የለም፣ ለሚቀጥለውም እንጃ። በጉን አታዘጋጂ።

ከሰባ አንዱ ሳይጠየቅ የቀረ አንድ አለ እትዬ። የአንቺና የልጅሽ የዴር መስመር ነው።

አጎበሩ ከታደለ በኋላ ነው፤ በዚያ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ቤት ነበርኩ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ አባቱ ጋሼ ቤርናር ዶማውን ሰጥተውኝ። ሰባት ወሩ ነበር። ከክንዴ አይበልጥም። ለሕፃን ባላፎን አይመታምና ዝም ብለን ተመለስን፤ አንቺ ያን ቀን ያልተናገርሽውን እስከዛሬ አልተናገርሽውም። በሁለተኛው ዓመት ያንቺ ዴር ተወለደ፣ አንቺም ተነሳሽ። ይህን ሁሉ እንደ ወንድምሽ አውቀዋለሁ፣ ግን በጥናቱ ውስጥ ላስገባው አልችልም። እናት በሕይወት ካለች ከእናት በቀር የማንም ቃል አይገባም የሚለውን ደንብ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የአንቺ አንድ ቁጥር ውጤቱን አይለውጠውም። ስልሳ ሦስትም ይሁን ስልሳ አራት መደምደሚያው ያው ነው። ኮሮቲሚ «ባዶ ተወው፣ ማንም አይጠይቅህም» አለችኝ። ባዶ መተው አቃተኝ። አንድ ጊዜ የሄደውን ሳልጠይቅሽ አልፌሻለሁና።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። «ሞቶብኛል» ካልሽ ስልሳ አራት ብዬ እጽፋለሁ። «አልሞተብኝም፣ መጥቶልኛል» ካልሽ ስልሳ ሦስት ብዬ ፈርሜ እልከዋለሁ፣ አንድም ቃል አልጨምርበትም። አንድ መስመር ይበቃኛል። መጽሔቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ አንቺ ግን አትቸኩይ፣ ቢዘገይም እጠብቅሻለሁ።

ጋሼ ቤርናርን እጅ ይነሳዎታል በይልኝ፤ የላኩላቸውን ማር በሞቀ ውሃ እንጂ በቀዝቃዛ እንዳይጠጡት። ፕሮስፔርን፣ ሞተር ብስክሌቱን ቀስ ብሎ ይንዳ በይው። ኢቬትን ስለ ፈተናዋ እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ፣ ትንሿ ሮዛሊም አጎትሽ ማንጎ ይልክልሻል ተብሎ ይነገራት። እማዬ ሁላችሁንም ትስማለች፤ ጉዊኗም፣ ሳትታዘዝ፣ ሰላም ብላለች።

ዴርን ሁለቴ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዴር ዳቢሬ
ቦቦ ዲውላሶ፣ ማርች 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.