ፊደል በመቁጠሬ ስላደረስኩብዎ እንግልት

ለክቡር የማጠናከሪያ ትምህርት ተቋሙ ዳይሬክተር፣
ኮታ ከተማ።

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በበርዎ ላይ ፎቶግራፋቸው እንደ አማልክት የተሰቀለው አንደኛ የወጡ ልጆችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ እንቅልፍዎንም ያጣፍጥልኝ፤ እንቅልፍ በግቢዎ ውስጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ስላየሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመኝልዎ እሱን ነው።

እኔ ግያርሲ ባይ እባላለሁ። በባራን አቅራቢያ በምትገኝ መንደር የምኖር፣ የስልሳ አራት ዓመት ሴት፣ በተቋምዎ ለሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና ስትዘጋጅ የቆየችው የቻንቻል አያት ነኝ። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች፣ አባቷ ልጄም ባሕር ማዶ በግንባታ ሥራ ላይ ስላለ፣ አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት አምና፣ በመንደራችን በተከፈተው የሴት ጎልማሶች ትምህርት ነው። ፊደሎቼ ትልልቅ ስለሆኑ ይህ ደብዳቤ አሥራ አንድ ገጽ ፈጅቷል። ቅጂውን ከበርዎ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፌም፣ ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ሻይ የሚጠጡ ወላጆች ምስጋናዬን እንዲካፈሉ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ከሳምንቱ ላይ እሑድን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። ቻንቻል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትማራለች፣ እሑድ ትፈተናለች፣ ሰኞ በውጤቷ መሠረት ቦታዋ ይቀየራል። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ምድር ቤት መምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ የቀነሰ አንድ ፎቅ ይወጣል፤ አሁንም የቀነሰ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ መምህሩን በቴሌቪዥን ያያል። እኔ መሃይም ሳለሁ፣ ትምህርቱ ያልገባው ልጅ ወደ መምህሩ የሚቀርብ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሦስተኛ ፎቅ ደርሳለች፤ በዘራችን እንዲህ ከፍ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ በማደሪያ ክፍሏ ጣሪያ ላይ ስላለው ማራገቢያ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር የማሽላ ቂጣና የነጭ ሽንኩርት ድልህ ይዤላት መጥቼ ነበር። ቂጣውን ሳትነካው ጥያቄዋን መሥራት ቀጠለች። እኔም የመንገዱን አቧራ ላራግፍ ብዬ የራስ መሸፈኛዬን አጠብኩና፣ ማስጫ ገመድ ስላጣሁ አልጋው ላይ ወጥቼ በማራገቢያው ላይ ጣል አድርጌ ሳብ አደረግሁት። ማራገቢያው እንደ ሽማግሌ ወገቡን አጥፎ ወረደ፤ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት የደወል ጩኸትም ኮሪደሩን ሞላው። የማደሪያዋ ኃላፊ በባዶ እግሯ እየሮጠች ገባች። እኔ የሰው ንብረት የሰበርኩ መስሎኝ ይቅርታ ስለምን፣ እሷ እርጥቡን መሸፈኛ አይታ በሩን ተደገፈችና «ተመስገን! ልብስ ነው፣ ልብስ ነው!» እያለች ተነፈሰች።

ስትወጣ ቻንቻልን ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አልሰበርሽውም እማዬ። እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው። ሰው እንዳይሰቀልበት» አለችኝ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

«የአንቺ ክፍል ብቻ ነው?»

«ሁሉም ክፍል አለ።»

«አንቺስ… ስለሱ ታስቢያለሽ?»

«ጋደም ስል አየዋለሁ። ሌላ ምን የሚታይ አለ?»

ክቡር ሆይ፣ ልጆቹ ለምን ወደ ጣሪያው እንደሚያዩ መጠየቅ ምን ያህል አድካሚ ሥራ እንደሆነ ስለሚገባኝ፣ በምትኩ ብረቱ እንዲላላ ማድረግዎን አደንቃለሁ። እርግጥ ነው፣ ብረት ጎንበስ ማለት ከቻለ የትምህርት ፕሮግራሙም ትንሽ ጎንበስ ይል ነበር የሚል ክፉ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ወዲያው አባረርኩት።

«ልብስሽን ሰብስቢ፣ ቤት እንገባለን» አልኳት።

«ፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶት? አባቴ ምን ይላል?»

«አባትሽን የወለድኩት እኔ ነኝ። እኔ እነግረዋለሁ።»

ያን ጊዜ ብቻ ነው እስክሪብቶዋን ያስቀመጠችው።

ሦስተኛ፣ ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ምስጋናዬ ስለሆነ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ልጅ ከግቢዎ የምትወጣው አሳዳጊዋ በፈረመችበት የመውጫ ወረቀት ስለሆነ፣ ጠዋት ወደ ቢሮዎ ሄጄ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ደብተሬ ውጭ ባለ ወረቀት ላይ፣ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። ጸሐፊዎ ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያየና አንገቱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ስትመዘገብ ያለው የጣት አሻራ ነው። ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ።»

«ቀልዱን ተዪው። አሳዳጊዋ ማንበብና መጻፍ አትችልም ይላል እኮ። አንቺ ደግሞ ትጽፊያለሽ። ስለዚህ ሌላ ሰው ነሽ።»

ከኋላዬ የተሰለፈች እናት አላስቻላትም። «ሴትየዋ ተማርኩ ነው የምትልህ! ደስ አይልህም እንዴ?»

«እኔማ ደስ ይለኛል፤ ሲስተሙን ነው ደስ የማይለው» ብሎ ሳቀ።

እኔ ራሴ እኔ መሆኔን በፍርድ ቤት፣ በሁለት ምስክር አስመስክሬ እንድመጣ ተነገረኝ፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል አሉ። ቻንቻል ሻንጣዋን ታቅፋ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆማለች። በመንደራችን የጎልማሶች ትምህርቱን የጨረስን ቀን አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ሆነን ከእንግዲህ ጣታችን ቀለም አይነካም ብለን ተማምለን ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሰብኩ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ማለት ስንት ጊዜ ጋደም ማለት እንደሆነ ቆጠርኩና፣ ተነሥቼ ጣቴን ሰጠሁት።

«አየሽ እማማ፣ አሁን ራስሽን ሆንሽ» አለኝ፣ ማኅተሙን እየመታ።

ጸሐፊዎን እንዳይቀጡት አደራ እላለሁ። በትክክል ተምሯል።

ቻንቻል አሁን ቤቷ ናት። ትፈተን አትፈተን እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት፤ ቀኑም አልደረሰም። ስለዚህ «የሁለት ዓመት ልፋት ሜዳ ላይ አይቅር» እያሉ በየቀኑ የሚደውሉላትን አማካሪዎን፣ ለሚቀጥሉት ደንበኞችዎ ጉሮሯቸውን እንዲቆጥቡ ቢነግሩልኝ፣ ውለታዎን በየደረስኩበት እናገራለሁ።

ተቋምዎ ፎቅ በፎቅ ላይ እየጨመረ እንዲያድግ፣ የራስዎ ልጆችም በአራተኛው ፎቅ ተቀምጠው የእርስዎን ፊት በቴሌቪዥን እንዲያዩ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ግያርሲ ባይ፣
የቻንቻል አያት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከተቋምዎ የተላከ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ፤ ያለማንም እርዳታ አነበብኩት። «ውድ ወላጅ፣ ልጅዎ ቻንቻል በዛሬው የእሑድ ፈተና ከ2,140 ተማሪዎች 1,306ኛ ወጥታለች። ከፍተኛ መሻሻል አሳይታለች። በዚሁ ይቀጥሉ» ይላል። ዛሬ ልጄ እስከ እኩለ ቀን ተኝታ፣ ተነሥታ ሦስት ቂጣ በልታ፣ ተመልሳ ተኝታለች። ምክርዎን ተቀብለናል፤ በዚሁ እንቀጥላለን።