ወረቀቷን ያላየሁባት ግማሽ ሰዓት

ጅግጅጋ፣ ግንቦት 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለማልረሳህ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የደወሌ በረሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ዛሬም ጭነት መኪና ላይ እየተንጠላጠልክ ዕቃ እንደምታወርድ ሲነግሩኝ ተናደድኩ። ወገብህን ያምህ አልነበር እንዴ? ዕድሜህን አትርሳ እንጂ! እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ጅግጅጋ ደግሞ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ ብትመጣ መንገዱ ይጠፋሃል።

ያቺ የጥይት መጋዘኑ ጥግ ያለች የቆርቆሮ ክፍላችን ግን ከዓይኔ አልጠፋችም። ከአሮጌው ባሩድ ቆንጠር አድርገን ብልቃጥ ውስጥ እናሞቃለን፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላትን ወረቀት ከላይ እናንጠለጥላለን፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቁጭ። መጀመሪያ ቀን ምን እንደምንጠብቅ ስጠይቅህ፣ ባሩድ በተቀመጠበት እየተበላሸ ጭስ እንደሚያወጣ፣ አብሮት የተቀላቀለው ማረጋጊያ ጭሱን እየዋጠ እንደሚያቆየው፣ ማረጋጊያው ያለቀ ዕለት ግን ክብሪት ሳይጫር ሊነድ እንደሚችል አስረዳኸኝ። ወረቀቷ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ሮዝ ከሆነች ባሩዱ መወገድ አለበት። አንዳችን ወረቀቷን እናያለን፣ አንዳችን ሰዓት እንይዛለን። አንተ ወላሂ እያልክ የምታወራልኝን ውሸት ሁሉ አምን ነበር! እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ዘመን የለም።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመት የደበቅኩህን ልንገርህ።

የዚያን ቀን የከሰዓቱን የአሱር ሶላት ልትሰግድ ስትወጣ ዓይኔን ከወረቀቷ እንዳልነቅል አደራ ብለኸኝ ነበር። ጃኬትህ ወንበሩ ላይ ነው፤ ቁልፉ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ሳትመለስ ልስፋለት ብዬ መርፌ አነሳሁ። ጨርሼ ቀና ስል ወረቀቷ ሮዝ ሆናለች። መቼ እንደተለወጠች አላውቅም። እንደገና መሞከር ነበረብኝ። ግን ባሩዱን ወደ ሽንሌው መጋዘን የሚጭነው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሹፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ደግሞስ ምን ስትሠሪ ነበር ብትለኝ ምን ልመልስ ነው? አፈርኩ። ሠላሳ ደቂቃ ቆይታለች፣ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። አንተም አምነኸኝ ፈረምክ።

በሦስተኛው ወር የሽንሌው መጋዘን ማንም ሳይነካው ነደደ። ዘበኛው አቶ ሮብሌ በሩን ልክፈት ሲሉ ሁለት ዓይናቸውን አጡ። አጣሪዎች ሲመጡ ወረቀቷን ያየሁት እኔ ነኝ አልክ። ስምንት ወር ታሰርክ፣ ከሥራም ተባረርክ። እኔ ቆሜ አየሁ። የምጦራት እናቴን ሰበብ አላደርጋትም። ፈራሁ፣ በቃ።

ባለፈው ሳምንት አላስችል ብሎኝ ሽንሌ ሄድኩ። ልጃቸው ኢክራን አስገባችኝ። አቶ ሮብሌ እግር ሥር ወድቄ ሁሉንም ተናገርኩ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከሰሙት ዓመታት እንዳለፉ ነገሩኝ። ከእስር በወጣህ ሰሞን መጥተህ፣ ቁልፌን ስትሰፋ ነው ያመለጣት ብለሃቸው፣ ስሜን ለማንም እንዳያነሱ በአላህ አስምለሃቸው ኖሯል። ለካስ መጋዘኑ ከነደደ በኋላ ጃኬቱን ስትለብስ፣ የተሰፋውን ቁልፍ አይተህ ገብቶሃል! ታዲያ ምነው አንድ ቃል እንኳ ሳትነግረኝ ቀረህ? አለቀስኩ፣ ተናደድኩብህም።

ለድሮው መሥሪያ ቤታችን እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ አስገብቻለሁ። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ፤ ስምህ ግን ይጸዳል።

ኢክራን ስትሸኘኝ ሌላም ነገር አጫወተችኝ። በየኢዱ አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለህ አሉ፤ ገና ጫማህን ሳታወልቅ ደግሞ ያቺ ልጅ አገባች ወይ ብለህ ትጠይቃለህ። እነሱ ጅግጅጋ ሰው ስለሌላቸው የሚመልሱልህ አጥተው ኖረዋል። መልሱን ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገሪው አለችኝ።

ለኢድ ሽንሌ እመጣለሁ።

እስከዚያው አምላክ ከሙቀቱም ከክፉ ነገርም ይሰውርህ፤ እጅህን ይባርክልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

ያንተው፣ የቆርቆሮዋ ክፍል ባልደረባህ