የሙሽራዋ መኪና ፊውዝ

ጥር 12፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ ወረድኩ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ የአባዬን መኪና ኮፈን ከፈትኩ። ደብተሬ፣ አትሳቅብኝ። ቆርጫለሁ።

እሑድ እህቴ ሜሮን ታገባለች። አጀቡ ከአዳማ እስከ መቂ። ዲጄ የመቅጠር አቅም የለንም፤ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ግን አግኝቻለሁ፤ መኪናዋ ላይ ልገጥማቸው ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት ዘፈን ተከፍቶ አያውቅም። ሜሮን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ በዝምታ አታስወጡኝ።

አባዬ እሺም እምቢም አላለም። ዲኤክስ መኪናው እንጀራው ነች፤ ኮንትራት ይሠራባታል። ጭስ ከሸተተው ግን ሽቦውን ቆርጦ እንደሚጥል፣ ሙሽራዋም በሚኒባስ እንደምትሄድ ነገረኝ። ይሁን።

ጥር 14፣ ረቡዕ፣ ማታ

ተናድጃለሁ። ከገበያ የገዛሁት ወፍራም ሽቦ ውሸት ነው። በቢላ ፋቅ ሳደርገው ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። መለስኩት። ባለሱቁ ተነጫነጨ፣ እኔም አልተቻልኩም።

ከዚያ ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ ጋ ሄድኩ፤ በያጅ ናቸው። "አካም ጅርታ፣ ሰብሊዬ" ብለው ተቀበሉኝ። ጉዳዬን ሲሰሙ ከብየዳ ማሽናቸው የተረፈ ገመድ ሰጡኝ። ሙሉ መዳብ! ስለ ክፍያ ሳነሳ ተቆጡ፤ ለሙሽራዋ ስጦታ ነው።

ጥር 16፣ ዓርብ

ፈቃድ ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ቢንያም (ከዚህ በኋላ ቢ.) ሊያግዘኝ መጣ። የመኪና ሙዚቃ መግጠም ይችላል፤ ችግሩ ይቸኩላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳይፈታ ሊጀምር ነበር! ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አሰርኩ። እሱ ኋላ አምፕሊፋየሩ ጋ ይሁን ባይ ነው። አይሆንም። ሽቦው መሐል ላይ ብረት ቢነካ ማን ያቆመዋል? ለኔጌቲቩ የመኪናዋን ወለል ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ብረቱ እስኪያበራ። ወገቤ ተቆረጠ።

ማምሻውን ከፈትነው። ዘፈነ! ሜሮን ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ሮጣ ወጣች። አባዬ ከቤት አልወጣም። ከፋኝ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ቢ. በመኪናዋ ሰፈሩን ሲዞር ፊውዙ ተቃጠለ። ስደርስ አንዲት የመዳብ ክር ከሽቦ መዝዞ በፊውዙ ላይ ጠምጥሟል። ዘፈኑ ቀጥሏል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እኛ ጋ ፊውዝ ሲቃጠል የሚፈለገው ምክንያቱ ሳይሆን ክር ነው። አባዬ ራሱ የመኪናዋን መብራት ፊውዝ እንዲሁ በክር አስሮ ስንት ዓመት ሲነዳ ኖሯል።

ነቀልኩት። ተጨቃጨቅን። ነገ ሠርግ ነው፣ አታካብጂ አለኝ። ነገ ሠርግ ስለሆነ ነዋ!

10 ሰዓት

አገኘሁት። ገመዱ ከሞተሩ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ የላሜራው ጠርዝ ልባሱን በልቶታል። ቀዳዳውን ጎማ አላለበስነውም፤ ቢ. በኋላ ብሎ ረሳው፣ እኔም ሳላይ አለፍኩ። መዳቡ ብረት ሲነካ ፊውዙ ሥራውን ሠራ። ያቺ ክር እዚያው ብትቀር ሽቦው ራሱ ነበር የሚነደው። ሜሮን በቬሎዋ የምትቀመጠው ከሽቦው በላይ ነው።

ለቢ. አሳየሁት። ገመዱን ወደ ፊት ስቦ የተበላውን ቆርጦ ጣለ፤ እኔ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ቆርጬ ቀዳዳውን አለበስኩ። መጠባበቂያ የያዝኩት ፊውዝ ገባ። አባዬ መጥቶ ሁሉንም አየ። የመዳቧን ክር ከእጄ ወሰደ፣ ወደ ገበያ ወጣ። ሊከለክለኝ ነው?

ጥር 18፣ እሑድ፣ 3 ሰዓት

ኮፈኑ ክፍት ነው። አባዬ በአዲሱ ሱፉ አጎንብሷል። ሊቆርጠው ነው ብዬ ሮጥኩ። የለም! የመብራቱን ክር እየፈታ ነው፤ በቦታው አዲስ ፊውዝ ከተተ። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሱ ሌላ ፊውዝ አወጣ፤ ልኩ ከአምፕሊፋየሬ ፊውዝ ጋር አንድ ነው። ለመጠባበቂያ። አብሮ ቁልፉን ሰጠኝ። እናትሽ ብትኖር እስካሁን አስቸኩላን ነበር አለ። አለቀስኩ፣ ኩሌ ተበላሸ።

የምነዳው እኔ ነኝ። ተወስኗል።

ሚዜዎቹ ደረሱ። ጡሩምባ በጡሩምባ። አባዬ መኪናው ውስጥ ገብቷል። ዘፈኑን ራሱ ከፈተው። ድምፁ በየት በኩል ነው የሚጨመረው እያለ ይጠራኛል። ደብተሬ፣ ልሂድ።